የቮልስ ሲቪ ጆይንት ብይ ሲጎድል፦ ብይ ብቻ እንተካ፣ ያገለገለ እንፈልግ ወይስ አዲስ እንግዛ?

ሲቪ ጆይንቱ፣ አክስሉ እየተጣጠፈ ኃይል ወደ ጎማ እንዲያደርስ የሚያደርገው መገጣጠሚያ፣ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። ስድስት መሆን የነበረባቸው የብረት ብዮች አምስት ናቸው። አንዳንዴም አራት። መካኒኩ «ብይ ብቻ ፈልገን እንክተትበት» ይላል። ጎረቤት «አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ሙሉውን ይዘህ ና» ይላል። ሌላው ደግሞ «አዲስ ካልሆነ አትንካው» ብሎ ያስፈራል። እንደ ሁኔታው ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አዳማ ላይ አሮጌ ቮልስ ወይም ኮምቢ ይዛችሁ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ላለባችሁ ነው የምጽፈው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው የብዩን ዋጋ አይቶ ይወስናል። እኔ የማየው ብዩ የሚሄድበትን ቦይ ነው። ቦዩ ደህና ከሆነ ብይ መተካት ያስኬዳል። ቦዩ ከተበላ ግን ምንም ዓይነት ብይ ብትከቱበት ጆይንቱ አይድንም።

መጀመሪያ፣ መኪናችሁ ይሄ ጆይንት አለው ወይ?

ሁሉም ቮልስ የለውም። በብዙ አገር የተሸጡት ተራ ቮልሶች የኋላ አክስላቸው በወፍራም ቱቦ ውስጥ የተሸፈነ ነው። ቱቦው ካምቢዮው ጋ ሲደርስ አንድ ትልቅ ጎሚኒ አለው። እነዚህ ብይ ያለው ሲቪ ጆይንት የላቸውም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1970 የወጣው 1302 የሚባለው የቮልስ ሞዴል እና በ1972 የተከተለው 1303 ግን ይለያሉ። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ቀጭኑ አክስል ራቁቱን ይታያል። በሁለቱም ጫፉ ላይ አንድ አንድ ጎሚኒ አለው። ከነሐሴ 1967 ወዲህ የተሠራው ኮምቢም እንደዚሁ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ተራ ቮልሶች ደግሞ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ይሄንኑ አግኝተዋል። በአንድ መኪና 4 ጆይንት፣ በአንድ ጆይንት 6 ብይ አለ። ጠቅላላው 24 ነው።

ላዳ ወይም አሮጌ ቶዮታ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል በሚሄደው ዘንግ ላይ ያለው ክሮቼራ ነው። እዛ ውስጥ የሚሽከረከረው ቀጭን መርፌ እንጂ ብይ አይደለም። መርፌ ከጎደለ ክሮቼራው በሙሉ ይቀየራል፤ ማወዳደርም አያስፈልግም።

ብዩ የት ሄደ?

ይሄን ሳትመልሱ ምንም አትግዙ። ብይ የሚጎድለው በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱም የተለያየ ውሳኔ አላቸው።

አንደኛው ሲፈታ የወደቀ ነው። ጆይንቱ በስድስት ብሎን ታስሮ ሳለ ከልኩ በላይ መታጠፍ አይችልም። ብሎኖቹ ሲወልቁና አክስሉ ተንጠልጥሎ ሲቀር ግን የውጭው ቀለበት ወደ ጎን ይዘምማል። ጎሚኒው ከተቀደደ ደግሞ የሚይዘው ነገር የለም። ብዮቹ አንድ በአንድ ከቦያቸው እየሾለኩ አፈር ላይ ይወድቃሉ። ይሄ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ጆይንቱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መኪናው ላይ እያለ የጎደለ ነው። ብይ ከታሰረ ጆይንት ውስጥ ዝም ብሎ አይጠፋም። ከጠፋ ብዮቹን የሚይዘው ባለ ስድስት መስኮት ቀለበት፣ ማቀፊያው፣ ተሰብሯል ማለት ነው። ግራሶውን በጣታችሁ ስታሹት የብረት ስብርባሪ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ጆይንት ብይ ተፈልጎለት አይመለስም። ቀጥታ ያገለገለና አዲስ የሚለው ጋ እለፉ።

ሲፈታ የወደቀ ከሆነ ግን ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት መሬቱን ፈልጉ። አንድ የሰፈር ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ተለማማጅ ልጅ ከተቃጠለ ስፒከር የነቀለውን ማግኔት በፌስታል ጠቅልሎ መሬቱን ይጠርግ ነበር። ፌስታሉን ሲገለብጠው የብረት ብናኙ በሙሉ ይራገፋል፤ ማግኔቱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ብዩ የተገኘው መኪናው ከቆመበት ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ ሥር ነው። ግራሶ ተለውሶ አፈር ስለለበሰ ጠጠር መስሎ ነበር። በዓይን ብቻ ቢሆን ማንም አያገኘውም። የራሱ የጆይንቱ ብይ ከየትኛውም ሱቅ ከሚገዛ ብይ ይበልጣል። ከአምስቱ ወንድሞቹ ጋር እኩል የተሠራ፣ እኩል የሠራ ነውና። በላምባ ወይም በናፍጣ አጥባችሁ፣ ጭረትና ጉድጓድ እንደሌለው አይታችሁ መልሱት። ነገሩ እዚሁ ካለቀ ሌላውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ቦዩን ማየት

ብዩ ካልተገኘ ቀጣዩ ሥራ ማየት ነው። ጋራዡ ውስጥ ጨለማ ላይ አትመልከቱት። ወደ ደጅ አውጡት። ጆይንቱ ሦስት ነገር አለው፦ የውጭው ቀለበት፣ የመሃሉ ኮከብ እና በመሃላቸው ያለው ማቀፊያ። ሦስቱንም በናፍጣ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ።

በእያንዳንዱ ቦይ ላይ ብዩ የተመላለሰበት የሚያብረቀርቅ መስመር ታያላችሁ። ይሄ አያስፈራም፤ የሠራ ጆይንት ሁሉ አለው። አሁን ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ አቋርጣችሁ ጎትቱ። ጥፍራችሁ ከያዘ፣ ደረጃ ነገር ካለ፣ ወይም እንደ ፈንጣጣ የተቦረቦረ ቦታ ካያችሁ ቦዩ ተበልቷል። የብረቱ ቀለም ወደ ሰማያዊ የሄደ ከሆነ ደግሞ በግራሶ እጥረት ግሏል፤ ጥንካሬውንም አጥቷል።

ማቀፊያውን ደግሞ በብይ ፈትኑት። ጤነኛ ብይ ወደ መስኮቱ ሲገባ በአውራ ጣት ትንሽ መገፋት ይፈልጋል። ላላ ብሎ በራሱ ከወደቀ መስኮቱ ሰፍቷል። የመስኮቶቹን ማዕዘን ለብቻ እዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የኛ አካባቢ አቧራ ለዚህ ነገር ክፉ ነው። ጎሚኒው ትንሽ ከተቀደደ፣ ከከተማ ወጥቶ በጥርጊያ መንገድ የሚመላለስ መኪና ግራሶው ውስጥ አሸዋ ይሰበስባል። ያ ድብልቅ በየዙሩ ቦዩን ይሞርዳል። ስለዚህ የተቀደደ ጎሚኒ ይዞ የከረመ ጆይንት ላይ ተስፋችሁን አታብዙ። አብዛኛውን ጊዜ ቦዩ ሄዷል።

ብይ ብቻ መተካት

ቦዩም ማቀፊያውም ደህና ከሆኑ ይሄ መንገድ ክፍት ነው። ሆኖም ፋብሪካው ራሱ እንደማይደግፈው እወቁ። የቮልስዋገን የጥገና መመሪያ ቀለበቱ፣ ኮከቡ፣ ማቀፊያውና ስድስቱ ብዮች በልክ ተመራርጠው እንደሚገጣጠሙ ይናገራል። አንዱ ሲበላሽ ጆይንቱ በሙሉ እንዲቀየር ነው የሚያዘው። ምክንያቱ አጭር ነው። ስድስት ሰው ቃሬዛ ሲሸከም አንዱ አጭር ቢሆን ክብደቱ አምስቱ ላይ ይወድቃል። ብይም እንደዚያ ነው። በጥቂቱ ያነሰው ሥራ አይሠራም፤ የበለጠው ደግሞ የሁሉን ጭነት ብቻውን ይሸከምና ቦዩን ይጎዳል።

ከዚህ የሚመጣው የመጀመሪያው ሕግ፦ አንድ ቢጎድልም ስድስቱንም ቀይሩ። አምስት አሮጌና አንድ አዲስ አትቀላቅሉ።

ሁለተኛው ልኬት ነው። በካሊብሮ አትለኩ። ካሊብሮ ለዚህ ሥራ ሻካራ ነው። የመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚያነብ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ ደህና ቶርኖ ቤት ውስጥ አይጠፋም። አሮጌውን ብይ በሦስት አቅጣጫ ለኩት። ሦስቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ብዩ ክብነቱን አጥቷል። ትልቁን ቁጥር ያዙ።

እዚች ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የብረት ብዮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በኢንች ክፍልፋይ ነው። 5/8 ኢንች 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። 3/4 ኢንች 19.05 ነው። 7/8 ኢንች 22.225 ነው። ስለዚህ ማይክሮሜትሩ 15.86 ቢያነብ ያ ብይ ትንሽ የተበላ 15.875 ነው። ሻጩ «16 ነው፣ ያው ነው» ቢላችሁ ያው አይደለም። በመሃላቸው ያለው 0.125 ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም ነው፤ ለጆይንት ግን ትልቅ ነው። ወይ አይገባም፣ ወይ በመዶሻ ይገባና ጆይንቱ ይነክሳል።

ሦስተኛው ብረቱ ነው። ትክክለኛው ክሮም ያለበት የኩሽኔታ ብረት ነው፤ ጥንካሬው በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ60 በላይ ነው። ብዙዎቹ የማይዝጉ ብዮች ከዚህ በጣም የለሰለሱ ናቸው። ማብረቅረቃቸው አያታላችሁ። ቶርኖ ቤት «እኔ እቀርጽልሃለሁ» የሚል ባለሙያም አንዳንዴ ይገጥማል። ሰውየው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን በቶርኖ የወጣ ብይ የኩሽኔታ ብይ ያለውን ክብነትም ጥንካሬም አያገኝም።

ነጠላ ብይ የሚጠየቀው ኩሽኔታ ከሚሸጡ ሱቆች ነው። ካልተገኘ አዲስ ኩሽኔታ ሰብሮ ብዩን ማውጣት ይቻላል። የዚህ መንገድ ጥሩ ጎን አለው። በአንድ ኩሽኔታ ውስጥ ያሉ ብዮች እርስ በርሳቸው ተመሳስለው የተመረጡ ናቸው። ስድስቱንም ከአንድ ኩሽኔታ ማውጣት ግን ግድ ነው። ከሁለት አትቀላቅሉ። ደግሞ የኩሽኔታው ቁጥር የብዩን ልክ አይናገርም። ለምሳሌ 6206 የሚባለው 30 ሚሊ ሜትር ዘንግ የሚቀበል ነው፤ ውስጡ ያለው ብይ ግን 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከመስበራችሁ በፊት ሻጩ ካታሎግ ካለው የብዩን ልክ አሳዩኝ በሉ።

ከአሮጌ ኩሽኔታ ክምር ውስጥ የተለቀመ ብይ ግን አልመክርም። የሠራበትን ዘመንም፣ የተጫነበትን ጭነትም ማንም አያውቅም።

«በአምስቱ እስከዚያው ልንዳው» የሚልም አለ። በአምስት ብይ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳልም። ማቀፊያው ግን ባልተስተካከለ ጫና ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዛሬ አንድ ብይ የነበረው ጉዳት ወደ ሙሉ ጆይንት ይሻገራል። ይሄን አታድርጉ።

ያገለገለ ጆይንት

አዳማ ላይ ከታጣ መንገዱ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። የራሳችሁን ጆይንት ሳትይዙ አትሂዱ። በስልክ «የቮልስ ሲቪ አለ» ተብላችሁ ብትሄዱ የኮምቢ ልታገኙ ትችላላችሁ። የቮልሱ ጆይንት የውጭ ስፋት 94 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኮምቢው አብዛኛውን ጊዜ 100 ነው። ጎን ለጎን ካላስቀመጣችኋቸው ልዩነቱ አይታይም።

ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጀርመን ነው፣ አሁን የት ይገኛል!» ይላችኋል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ቀለበቱ ላይ ሎብሮ የሚል ጽሑፍ ካለ ለቮልስ ጆይንት ከሚሠሩት የጀርመን ፋብሪካዎች አንዱ ነው። ጥሩ ምልክት ነው። ግን የጀርመንም ቢሆን ቦይ ይበላል። እንዲከፈት ጠይቁ። እጃችሁን አቆሽሹ። ቅድም ያልኩትን የጥፍር ፈተና እዚያው አድርጉ። ያለ ግራሶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጆይንት ቦዩ ላይ ዝገት ነጥብ ነጥብ ብሎ ይቀመጣል። ዝገቱ ቢጸዳም ጉድጓዱ አይጠፋም።

ምርጫ ካላችሁ ነጠላ ጆይንት ከምትገዙ ሙሉ አክስሉን ከሁለቱ ጆይንቶቹ ጋር ግዙ፤ ያውም ጎሚኒው ያልተቀደደ። ጎሚኒው እንደታሸገ ከመኪና የወጣ አክስል ግራሶው ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን እኔ ብሆን በዚህ ላይ አልከራከርም።

አንድ የድሮ ቮልስ ነጂዎች ዘዴ አለ። መኪና ጊዜውን በሙሉ የሚሄደው ወደ ፊት ስለሆነ ብዩ የሚጫነው የቦዩን አንድ ጎን ነው። ሌላው ጎን ብዙም አይነካም። ስለዚህ ያገለገለ ጆይንት ስትገጥሙ በፊት ከሠራበት በተቃራኒው በኩል ብታደርጉት ብዩ ባልተበላው ጎን ላይ ይሠራል። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። የአክስሎቹ ቁመት እኩል እስከሆነ ድረስ ይሄ የሚያዋጣ ነገር ነው። ነገር ግን የመጣበትን ጎን ማወቅ ይጠይቃል። ሻጩን ሲፈታ የቱ ጋ እንደነበር ጠይቁት።

ከሁለት አሮጌ ጆይንት አንድ ደህና ለመሥራት መሞከር ግን፣ የአንዱን ኮከብ ከሌላው ቀለበት ጋር ማለቴ ነው፣ ከብይ መቀላቀልም ይከፋል።

አዲስ

አዲስ ጆይንት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጎሚኒ፣ ግራሶና ብሎን አብሮት አለ። ኪስ ይጎዳል፤ ዋጋውም ከምንዛሬ ጋር ስለሚወጣ ሦስት ቦታ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ማስያዝም ይቻላል፤ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይወስድም።

አዲስ ሁሉ እኩል አይደለም። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ የመሃሉን ኮከብ በጣታችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት። ሳይነክስ፣ ሳይንኳኳ፣ ሙሉ ርቀቱን መሄድ አለበት። ጎትቶ ቆም የሚል ከሆነ መልሱላቸው። የውስጡን ጥርስ ከአሮጌው ጋር ቆጥራችሁ አስተያዩ።

ታዲያ የቱን?

በመኪናው ሥራ ይለያያል። ቤተሰብ ጭናችሁ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ ብይ የተተካበትን ጆይንት አልመክርም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የቮልስ ጎማ በደቂቃ ከ800 ጊዜ በላይ ይዞራል። ጆይንቱም አብሮ። በዚያ ፍጥነት ከተበተነ አክስሉ እየተወናጨፈ በዙሪያው ያለውን ይመታል። ጎማው አይወልቅም፣ በሌላ ኩሽኔታ የተያዘ ነውና። መኪናው ግን ኃይል ያጣል። አንድ ጆይንት ብቻ ቢሰበርም ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ወደተሰበረው በኩል ስለሚለቅ ሌላውም ጎማ አይገፋም። በማርሽ ማቆምም ከዚያ በኋላ አይሠራም። ዳገት ላይ ብትቆሙ የሚይዛችሁ ፍሬን ብቻ ነው። ለዚህ ዓይነት መኪና አዲስ፣ ወይም ከነጎሚኒው የወጣ ደህና ያገለገለ አክስል።

አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ መብራት ኃይል፣ ከቤት ወደ ሥራ ለምትሉበት መኪና፣ ቦዩ ንጹሕ ከሆነ፣ ስድስት አዲስ እኩል ብይ ይበቃል። በዝግታ ስትነዱ የሚመጣውን ድምፅ አዳምጡ። ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ጊዜው አልቋል።

ለኤግዚቢሽን ወይም ለሠርግ ብቻ የሚወጣ፣ ሁሉም ነገሩ የፋብሪካ የሆነ ቮልስ ካላችሁ ደግሞ የድሮውን ጆይንት በብይ አድኑት እላለሁ። ጭነቱ ትንሽ ነው፤ የድሮ ዕቃ ደግሞ ከወጣ አይመለስም።

ሲገጠም

የትኛውንም ብትመርጡ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። የዚህ ጆይንት ቦዮች እኩል አልተራራቁም። የቀለበቱ ሰፊ ክፍተት ከኮከቡ ጠባብ ክፍተት ጋር ፊት ለፊት ሆኖ መግባት አለበት። ተሳስቶ ከገባ ብዮቹ ይገባሉ፣ ጆይንቱ ግን ይቆለፋል። ስለዚህ አክስሉ ላይ ከመግባቱ በፊት ኮከቡን በእጃችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አንቀሳቅሱ። በእጅ ካልሄደ መዶሻ አታንሱ፤ ፈታችሁ እንደገና ግጠሙት።

ግራሶው ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁሩ ነው፤ ለአንድ ጆይንት 90 ግራም ገደማ። የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ አይተካውም። ጎሚኒውን አዲስ አድርጉ፣ የድሮው ደህና ቢመስልም። የብሎኖቹ ራስ ባለ 12 ማዕዘን ቁልፍ የሚገባበት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የደረቀ አፈር ካለ ቁልፉ ይዘላል፤ ራሱንም ይበላዋል። በምስማር ቆፍራችሁ አጽዱትና ቁልፉን በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ ጥግ ድረስ አስገቡት። የማጥበቂያ ልኩ 35 ኒውተን ሜትር ነው። ስድስቱንም በተቃራኒ በተቃራኒ አጥብቁ። ሶደሬ ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ፈትሿቸው።